በካርታ ላይ ወላሂ

ምስማሩ ባዶ መሆኑን ፈድሊያ ያየችው ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ ካርታዎቹን ከምንጣፉ ላይ ለቃቅማ ከጨረሰች በኋላ ነው። በበሩ መቃን ላይ ያለው ያ ምስማር ለዓመታት የጎረቤቷ የልያ ቤት ቁልፍ ማንጠልጠያ ነበር። ልያ የቡና ወቅት ሲደርስ ልባሽ ጨርቅ ይዛ ሊሙ ገነት ገበያ ትሄዳለች፤ አንዳንዴም እዚያው ታድራለች። ልጇ ሲና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትርፉን ቁልፍ ከምስማሩ አውርዳ ወደ ቤቷ ትገባለች። ዛሬ ልያ ቤት ስለዋለች ሲና ለቁልፍ አልመጣችም።

«ናኢማ፣ የልያን ቁልፍ አይተሻል?»

«ሲወጡ ይዘውት ሄዱ መሰለኝ፣ ኡሚ።»

ፈድሊያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እጇ ግን ደረቅ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ልጇ ናኢማ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ይዛቸው ከመጣቻቸው ጨዋታዎች ነው። ፈድሊያ ካርታ ሲባል የምታውቀው ቁማር ነው፤ ቁማር ሲባል ደግሞ የሚታያት የተበተነ ቤት ነው። ናኢማ «ገንዘብ የለበትም፣ ለሳቅ ነው» ብላ ለመነቻት። የመጀመሪያው በየከተማው የሚዛመትን በሽታ ተጫዋቾቹ ተባብረው የሚያቆሙበት ነበር። በሰሌዳው ላይ ቀያዮቹ ጠጠሮች በበዙ ቁጥር ፈድሊያን ላብ አጠመቃት፤ ሌሊቱንም እየተነሳች የናኢማን ግንባር ስትዳስስ አደረች። ሁለተኛው የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ነው። እሱን ወደደችው፤ ግን ባቡር እንዳይጋጭባት ሐዲዷን ከሰው ሐዲድ ስታርቅ ሁልጊዜ መጨረሻ ወጣች።

የዛሬው የውሸት ካርታ ነበር። ዳኛ፣ ሐኪም፣ ዘበኛና ሌባ የተሳለባቸው ካርታዎች ተደፍተው ይታደላሉ። ተራው የደረሰ ሰው የያዘውን ሳያሳይ «ዘበኛ ነኝ» ካለ፣ ሌላውን አንድ ካርታ ያስጥለዋል። ያላመነው «አሳይ» ይለዋል። ውሸቱ ከተያዘ ራሱ ይጥላል። ካርታ የጨረሰ ከጨዋታው ይወጣል።

ልያ ከመቀመጧ በፊት ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «የጸሎት ቡድን እህቶች ቢያዩኝ ጉዴ ፈላ!»

«የእኔስ ኡስታዝ?» አለች ፈድሊያ። ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

የፈድሊያ እህት ልጅ አኒስ ቀድሞ ወጣ። «አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል» ብላ ልያ አባረረችው። ናኢማም ተከተለችው። በመጨረሻ ሁለቱ እናቶች አንዳንድ ካርታ ይዘው ተፋጠጡ።

«ዘበኛ ነኝ» አለች ፈድሊያ።

«አንቺ? ድመት የሚያስበረግግሽ ሴትዮ!»

«ሜ፣ እስቲ፣ እትዬ ልያ፣ አሳዪ ይበሏት!» አኒስ ከዳር ጮኸ።

የልያ ከንፈር ሊናገር ተከፈተ። ፈድሊያ በአንዱም ጨዋታ አሸንፋ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ማሸነፍ አማራት።

«ወላሂ ዘበኛ ነኝ!»

ልያ አፏን መልሳ ገጠመችው። «እንግዲህ ወላሂ ካልሽ» ብላ ካርታዋን አስቀመጠች።

አኒስ ፈጥኖ የፈድሊያን ካርታ ገለበጠው። ሌባ ነበር። ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ፤ ፈድሊያም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልያ ፈገግ አለችና ነጠላዋን አነሳች። «ሲና ብቻዋን ናት» አለች።

አሁን በባዶው ምስማር ፊት የፈድሊያ ፊት እስከ አንገቷ ጋለ። ከነገ ጀምሮ ሲና በረንዳ ላይ ዝናብ ሲደበድባት፣ የማታውቀው ሰው መጥቶ ሲያናግራት፣ ሁሉም ባንዴ ታያት። አላህስ? ኡስታዙን ልትጠይቅ አሰበች፤ «በካርታ ጨዋታ ላይ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ግን እንዴት አድርጋ ታወጣዋለች? ሻርፗን ደርባ ግቢውን ተሻገረች።

ልያ የነገውን ጨርቅ በማዳበሪያ እየጠቀጠቀች ነበር።

«ልያ፣ ቁልፉ...»

«ወስጄዋለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ጨዋታ ነበር እኮ።» ፈድሊያ ይህን ባለች ጊዜ ይበልጥ አፈረች።

«አውቃለሁ። እኔስ ስዋሽ አይደል የዋልኩት? ወላሂ ስትይ ግን ጨዋታውን ያቆምሽ መሰለኝ።» ልያ እጇን ከማዳበሪያው አወጣች። «ፈዱዬ፣ ሲና የታመመች ጊዜ ሊሙ ሆኜ ደወልኩልሽ። መኪና የለም፣ መምጣት አልችል። 'ወላሂ ትኩሳቷ ወርዷል' አልሽኝ። በዚያች ቃል ተኛሁ። ዛሬ ግን ግቢውን ስሻገር 'ያኔስ?' እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት።»

ፈድሊያ «ወላሂ ያኔ እውነቴን ነው» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። ሌላ የምትይዘው ቃል ፈለገች፤ አጣች።

«ያኔ ወርዶ ነበር» አለች ዝቅ ብላ። «ዛሬ ዋሸሁሽ። በአላህ ስም ዋሸሁሽ።»

ልያ የማዳበሪያውን አፍ በገመድ ጠፍራ አሰረች። «መሽቷል» አለች። «ልጆቹ ይጠብቁሻል፤ ቤትሽ ግቢ።»

ፈድሊያ ተመለሰች። ናኢማ የጨዋታውን ሣጥን አምጥታ «ነገም እንጫወት?» ስትላት ሣጥኑን ተቀብላ አልጋ ሥር ከተተችው። የዒሻ ሶላቷን ሰገደች፤ ከሰገደችም በኋላ እዚያው ብዙ ተቀመጠች። በሩን ልትዘጋ ስትነሳ የእግር ኮቴ ሰማች።

ልያ ነበረች። ሰላምታም ሳትሰጥ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«ነገ ሊሙ ነኝ። ሲና ምሳዋን እናንተ ጋ ትብላ።»

«ትበላለች» አለች ፈድሊያ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል፣ ሁልጊዜ የሚመጣው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

ልያ ጥቂት ቆመች። ቃሉን እየጠበቀች ይሁን እንዳይመጣ እየፈራች፣ ፈድሊያ አላወቀችም።

«ቶሌ፣ እሺ» አለች ልያ፣ ወደ ጨለማውም ገባች።

ፈድሊያ የጎረቤቷ በር ሲዘጋ እስክትሰማ ጠበቀች። ከዚያ ቁልፉ እንዳይወድቅ ወደ ምስማሩ ሥር ገፋ አደረገችውና የራሷን በር ቆለፈች።