ሦስት ብርጭቆ በፎይል

ኦርላ ፖቲንገር ወረቀቱን በሎይድ ሲሴል የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና እንዳይታጠፍ የስኳር ዕቃውን ጫነችበት። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ከቦርበን ውስኪ ፋብሪካው የቀማሾች ክፍል በፈቃዷ ለቅቃ የጎብኚዎች አስጎብኚ እንደምትሆን ይናገራል። ከታች የፊርማ መስመር አለ።

«አምስት ካገኘሁ አልፈርምም። ከዚያ በታች ከሆነ ግን እዚሁ አንተ ፊት ፈርሜ ሰኞ እሰጣቸዋለሁ» አለች።

«ከስንት አምስት?»

«ከስድስት። በግምት ብቻ አምስት የሚያገኝ ከሃምሳ ስድስት ሰው አንድ ነው። አስልቼዋለሁ።»

«አንቺ እኮ የመቃብርሽን ጥልቀት ሳትለኪ አትሞቺም» አለ ሎይድ።

ኦርላ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የትኛው በርሜል እንደደረሰ፣ የትኛው ሁለት ዓመት መቆየት እንዳለበት ስትወስን ኖራለች። ባለፈው የበረዶ ወራት የያዛት ሕመም ግን ማሽተት ነሣት። ስድስት ሳምንት ሳሙናና ጭስ አንድ ሆኑባት። ካገገመች ወዲህ ለስምንት ወር ጠዋት ጠዋት ቅርንፉድ፣ የሎሚ ልጣጭና የከሰለ የኦክ እንጨት እያሸተተች የእያንዳንዱን ኃይል ከዜሮ እስከ አሥር በደብተር መዘገበች። ቁጥሮቹ ቀስ እያሉ ከፍ አሉ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ብራይስ ደብተሩን አልገለጠውም። «ሚስ ኦርላ፣ እርስዎ ድርሻዎትን ተወጥተዋል» አላት ይህን ወረቀት እየሰጣት፣ ድምፁን አለስልሶ። ያናደዳት ልስላሴው ነበር።

ሎይድ ደግሞ በዚያው ፋብሪካ መጋዘን ሠላሳ ዓመት በርሜል ሲያንከባልል ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳው ጡረታ የወጣ ወዳጇ ነው። ከባርድስታውን ከተማ ወጣ ብሎ ብቻውን ይኖራል። ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቀጠረችው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቀማሽ አፍንጫው የሚነቃው ከምሳ በፊት ነው። ጨው የሌለው የበቆሎ ገንፎ ብቻ በልታ፣ እጇን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥባ ነው የመጣችው። ገና ከበሩ ቆም አለች።

«ቤከን ጠብሰሃል።»

«ቁርሴ ነዋ! ቅዳሜ እኮ ነው።»

«መስኮቶቹን ክፈት። አርባ ደቂቃ እንጠብቃለን።»

«አንቺ ሴት፣ አሳማው ከሞተ ቆይቷል፣ አይመሰክርብሽም።»

ጠበቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሎይድ ከጓዳ ሆኖ ሦስት ብርጭቆ ይቀዳል፤ ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ፣ አንዱ ከሌላ። በእያንዳንዱ ላይ እኩል ውሃ ይጨምራል፤ አልኮሉ ከበረታ አፍንጫ ያደነዝዛልና። ቀለማቸው እንዳይታይ ብርጭቆዎቹ በፎይል ተጠቅልለዋል፣ ሽታቸው እንዳያመልጥ በስኒ ማስቀመጫ ተከድነዋል። እሷ የተለየውን ትጠቁማለች። ሎይድ ምስጢር ሲይዝ ጆሮው ስለሚቀላ፣ እሷ ስትቀምስ ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮት ወደ ውጭ እንዲያይ አዘዘችው።

የመጀመሪያውን አገኘች። የቀመሰችውን ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ተፋችው።

«ሰማሁሽ» አለ ሎይድ፣ ወደ መስኮቱ እንደዞረ። «የኬንታኪ ልጅ ቦርበን ስትተፋ። አባቴ ይሄን ሳያይ መሞቱ በጀው።»

ሁለተኛውን ሳተች። መጀመሪያ «የግራው» ብላ ጽፋ ነበር። ከዚያ ጥርጣሬ ገባት፤ ሰረዘችና «የመሃሉ» ብላ ጻፈች። መልሱ የግራው ነበር። ኦርላ የሰረዘችውን ቃል ትንሽ አየችውና ከጎኑ «አፍንጫዬ አልሳተም፤ እኔ ነኝ የሳትኩት» ብላ ማስታወሻ ያዘች። ግን እንደ ስህተት ቆጠረችው።

ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን አገኘች። ሎይድ በየዙሩ መሃል ብስኩት ያቀብላታል፤ ፊቱ ግን እየከበደ ሄደ። አሁን የቀረው አንድ ነው፤ ይኼን ከሳተች ትፈርማለች።

ስድስተኛውን ሊቀዳ ጓዳ ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ጆሮዎቹ ቀልተዋል።

ኦርላ የግራውን አሸተተች፤ የተቃጠለ ስኳር፣ የቼሪ ልጣጭ፣ ከኋላ ደረቅ የትምባሆ ቅጠል። የመሃሉን። የቀኙን። ውሃ ጠጣች፣ ሁለት ደቂቃ ቆጠረች፣ ከቀኝ ወደ ግራ መለሰች። ቀመሰች። ጣፋጩ በየትኛውም እኩል ቦታ ላይ ይነሣል፤ ምላስ ዳር ላይ የሚቀረው ምረት በየትኛውም እኩል ይቆያል። እርሳሱን አስቀመጠች።

«የተለየ የለም» አለች።

ሎይድ ዞረ። «ምን?»

«ሦስቱም አንድ ናቸው።»

«ኦርላ፣ ጨዋታው እንደዚያ አይደለም። አንዱን መጥራት አለብሽ። ራስሽ ነሽ ያልሽው፣ ባላውቅም እገምታለሁ ብለሻል።»

«የማላውቀውን እገምታለሁ። ይኼን ግን አውቀዋለሁ።»

«በእናትሽ፣ አንዱን ጥሪ! ከሦስት አንድ ዕድል አለሽ። 'የለም' ካልሽ ምንም የለሽም።»

«የለም።»

ሎይድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ፣ እህቴ። ያንን ወረቀት እንድትፈርሚ ስላልፈለግሁ የመጨረሻውን ሆን ብዬ አቀለልኩልሽ። የመሃሉ የኔው ነው፣ ባለ ቡሹ፤ የአባቴ መጠጥ። ሁለቱ ያ ባለ ጠመዝማዛ ክዳን፣ የመኪና ዘይት ማጠቢያው ናቸው። ዕውር በቅሎ እንኳ ይለያቸዋል።»

በዚያ አገር ሰው ሃይማኖቱን ሊቀይር ይችላል፤ የአባቱን ጠርሙስ ግን አይቀይርም። ሎይድ ባለ ቡሹን ለአርባ ዓመት በሦስት እጥፍ ዋጋ ሲገዛ፣ ባለ ጠመዝማዛውን ለእንግዳና ለማይወደው አማቹ ሲቀዳ ኖሯል።

ኦርላ ወረቀቱን አየች። እጇ አልሄደበትም። «ጠርሙሶቹን አምጣ።»

«ምን ይጠቅምሻል? ተይው።»

«አምጣ አልኩህ።»

ጎን ለጎን አቆመቻቸው። መነጽሯን አጠለቀች። የአልኮል ጥንካሬያቸው አንድ ነው። የአምራቾቹ ስም ሁለት ነው፤ የታሸጉበት ከተማ ግን አንድ። ከዚያ ጠርሙሶቹን አዘንብላ ማሽን ግርጌያቸው ላይ ያተመውን ደቃቅ ቁጥር በጣቷ ተከተለች።

«አንብበው። መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ መጠጡ የተቀዳበት ጋን ቁጥር፣ መጨረሻ ሰዓቱ።»

ሎይድ አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ዓመቱ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ጋኑ አንድ። የሚለያዩት በሰዓቱ ብቻ ነው፤ ባለ ቡሹ ጠዋት፣ ባለ ጠመዝማዛው ከምሳ በኋላ ተሞልቷል።

«ይሄ... ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ዙር። ወደ መስኮቱ። አሁን እኔ ልቅዳልህ።»

ቀዳችለት። ሎይድ ሦስቱንም አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ውጦ ደገመ። በሙሉ ልብ «ይሄ ነው የኔ!» ብሎ ያነሣው ከባለ ጠመዝማዛው የተቀዳውን ነበር። ስትነግረው ሁለቱን ጠርሙሶች አንሥቶ ግርጌያቸውን እንደገና አነበበ።

«አርባ ዓመት» አለ በመጨረሻ። «አማቼ እንዳይሰማ።» ከዚያ ወረቀቱን ከስኳር ዕቃው ሥር መዞ ሊቀደው ያዘ። «በይ፣ አምስት ሆኖልሻል። አበቃ።»

«አስቀምጠው። አራት ነው ያለኝ። ይኼኛው ዙር የተለየ ብርጭቆ የሌለበት ስለሆነ አይቆጠርም። ሌላ ቅዳ፣ በእውነት የሚለያዩ ይሁኑ። ደግሞ እንዳታቀልልኝ!»

«አሸንፈሽ እኮ ነው፣ አንቺ ግትር!»

«ቅዳ፣ ሎይድ።»

ቀዳ። በዚህኛው ዙር ልዩነቱ ቀጭን ነበር፤ ሁለቱም የስድስት ዓመት ቦርበን ሆነው፣ አንዱ በቆሎው ላይ ስንዴ የተጨመረበት ነው። ኦርላ ሦስቱን አንድ ጊዜ አሸተተች። «የቀኙ» ብላ ጻፈች። ጥርጣሬው እንደ ቅድሙ መጣ፤ እርሳሱን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ገፋችው። ቀመሰች፣ ተፋች፣ ያለችውን አልነካችውም።

«የቀኙ» አለች ጮክ ብላ።

ሎይድ መስኮቱን በመዳፉ መታው። «የቀኙ ነው! የቀኙ ነው፣ የተባረክሽ!»

ኦርላ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። በፊርማው መስመር ላይ በትላልቅ ፊደላት «አልፈርምም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ፦ «ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ስድስት ዙር። ሚስተር ብራይስም አጠገቤ ተቀምጠው ይቅመሱ። ከሁለታችን ያነሰ ያገኘ ጎብኚ ያስጎብኝ።»

ሎይድ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበው። «እሺ አይልሽም።»

«እሺ ካላለ» አለች ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትታ ጠርዙን እየላሰች፣ «ለምን እንደፈራ ለቀማሾቹ ሁሉ ፊት ለፊት ይንገራቸው።»