ለአንድ ሰው የተሠራ ሞተር

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዋለው ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ፣ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ቢቸና እነታዘበው ጓሮ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ታዘበው ራሱ፣ እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ እና አብሮት በርና መስኮት የሚበይደው ጓደኛው የኔሰው።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ በሦስተኛው ያዘና የጓሮውን ዶሮዎች ሁሉ አጥር አዘለለ። ታዘበው አልሣቀም። ጎንበስ ብሎ ካንዴላውን ነካ፤ ጆሮውን ወደ ጭስ ማውጫው ማርሚታ አስጠጋ፤ ተነሣ፤ እንደገና ጎንበስ አለ። ዐሥር ወር ሙሉ እንዲህ ነው። ተኝቶ ይነሣል፤ ምሳ ጀምሮ ይተዋል፤ ሰው እያዋራው ዐይኑ ጋራዡ ውስጥ ነው። ጋራዥ የሚለውም አባቱ በሕይወት ሳሉ በሬ ያስሩበት የነበረውን ቤት ነው።

ሞተሩ የከብት ክትባት ሠራተኞች ገጠር ለገጠር ሲያንከራትቱት ኖረው በጨረታ የተሸጠ አሮጌ ነበር። ታዘበው ስልኩ ላይ ካፌ ሬሰር የሚሉትን ዓይነት ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጣ፤ መሪው ዝቅ ያለ፣ የነዳጅ ታንከሩ ረዘም ያለ፣ ጭራው አጭር፣ ለአንድ ነጂ ብቻ የተሠራ ፈጣን ሞተር። ጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ አወለቀ። መሪውን ዝቅ አደረገ። ታንከሩን ከላሜራ ቀጥቅጦ ራሱ ሠራው። በመጨረሻም ግራይንደሩን አንሥቶ ከኮርቻው በስተኋላ ያለውን፣ ሰው የሚፈናጠጥበትን ብረት ቆርጦ ጣለው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ከመሬት አነሡትና "ብረት አይጣልም" ብለው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሽንኩርት ማንጠልጠያ አደረጉት።

"ስሙ ማን ነበር ያልከው?" አለ የኔሰው፣ ድምፁን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጎ።

"ካፌ ሬሰር።"

"ካፌውስ የታለ? ሻይ እንኳ አልቀረበልንም።"

"ዝም በል እስቲ፣ ድምፁን ልስማበት።"

"ውጣበትማ እንየው።"

ታዘበው ወጣ። መሪው ዝቅ ስላለ ደረቱ ታንከሩ ላይ ተኛ። የኔሰው አፉን በእጁ ያዘ።

"አንተ ሰው፣ እስከ ጰራቅሊጦስ እኮ ስግደት የለም።"

ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞረው አዩና፣ "ልጄ፣ ሰው የሚቀመጠው የት ላይ ነው?" አሉ።

"እኔ ተቀምጬ የለም ወይ፣ እማዬ?"

"አንተማ ተቀምጠሃል" አሉና ከግድግዳው ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት ነጥለው ወደ ቤት ገቡ።

ታዘበውን ያጣደፈችው የሞጣዋ ወይንእሸት ናት። ዐምና ለአንድ ጨርቅ ሱቅ በር ሊገጥም ሞጣ ሄዶ፣ እዚያ ተቀጥራ ጨርቅ ስትለካ አያት። የሁለት ቀን ሥራ አራት ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ስልክ ቁጥር የጠየቀችው እሷ ናት። በስልክም ቢሆን እሷ ታወራለች፤ እሱ "እሺ" ይላል። ብረቱን ሲቀጠቅጥ ግን በሐሳቡ አንድ ነገር ይመላለስበት ነበር፤ ሞተሩ ሱቋ ፊት ሲቆምና እሷ ከሥራዋ ቀና ስትል። እሱ ያልቻለውን ሞተሩ ይናገርለታል። "ና" ባለችው ቁጥር፣ "ሞተሩ ይለቅ" ነበር መልሱ።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

"እሑድ እኛ ቤት ሽማግሌ ይመጣል።"

"የማን?"

"ያንተ አይደለም።"

ታዘበው በእጁ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አኖረ።

"ስማኝ። አባቴ አንዴ እሺ ካለ ቃሉን አያጥፍም። በዓለም ላይ የሚሰማው ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ እናንተው ዘንድ ቢቸና ያለችው እኅቱ፣ አክስቴ ጥሩአየሁ። ቅዳሜ መጥተህ ውሰደኝና ሁለታችን ፊቷ ቆመን እንንገራት። ብቻዬን ብሄድ ልጅቷ አበደች ትላለች። አንተ ብቻህን ብትሄድ አፍህ አይከፈትም።"

"በሞተሩ እመጣለሁ።"

"በፈለግኸው ና። ብቻ ና።"

ዓርብን ቆሞ ዋለ። የጠበቀውን ብሎን ፈትቶ አጠበቀ፤ የደረቀውን ቀለም ደግሞ ቀባ። ቅዳሜ ጀንበር ስትወጣ መንገድ ላይ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር፣ ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ ጭቃውን እያነሣ ጀርባውን ይቀባዋል። ደብረ ወርቅን ከማለፉ በፊትም ካለፈ በኋላም፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን፣ አንድ ድምፅ የሰማ መስሎት ቆሞ አዳመጠ። በሁለተኛው ላይ አንድ ባለ በቅሎ ሽማግሌ አጠገቡ ደርሰው ልጓማቸውን ሳብ አደረጉ።

"እንዲያ አጉብጦ ያመጣህ ሆድ ቁርጠት ነው ወይ ልጄ?"

"አይ አባባ፣ አሠራሩ ነው።"

"እንግዲያስ የሠራው ሰው ምን አድርገኸዋል?"

ሞጣ ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሁሉም እንዳሰበው ሆነ። ሰው ተሰበሰበ፤ ባለ ሱቁ ዘመነ እስከ ደጃፉ ወጥቶ አየ፤ ወይንእሸትም ቀና አለች። ትንሽ ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትጠብቅ ነበር። ወጣችና ታንከሩን በመዳፏ ዳሰሰችው።

"ራስህ ነህ የሠራኸው?"

"እሺ" አለ፤ ከዚያ አረመው። "አዎ።"

"ያምራል። እውነቴን ነው፣ ያምራል።"

ወደ ኋላ ዞረች። ኮርቻው ካለቀበት በታች ጭቃ የጠጣ ጎማ ብቻ ነው ያለው። ጎማውን አየች፤ ነጠላዋን አየች።

"ታዘበው፣ እኔ የት ልቀመጥ?"

"ታንከሩ ላይ ጫናት" አለ ከተሰበሰበው አንዱ፤ ሌሎቹ ሣቁ። ታዘበው ጆሮው ሞቀው። ዐሥር ወር ሙሉ ሞጣ ሲገባ እንጂ ከሞጣ ሲመለስ ራሱን አስቦት አያውቅም።

"የት አድርገህ ነበር ያሰብኸኝ?" አለችው፣ ቀስ ብላ።

"ሱቁ ውስጥ። ቀና ስትይ።"

"ሱቅ ውስጥ መቀመጡንማ አውቅበታለሁ።"

ከመንገዱ ማዶ አንድ የሚኒባስ ረዳት "ቢቸና፣ ሁለት ሰው የቀረው" እያለ ይጣራል። ወይንእሸት ወደዚያ ተመለከተች።

"እኔ በዚያ ልሂድ፤ አንተ በሞተርህ ተከተለኝ?"

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን እሱ ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ድምፅ ሲያዳምጥ ታየው፤ እሷ አክስቷ ደጃፍ ብቻዋን ስትደርስ ታየው። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ለዘመነ ዘረጋ።

"ከዝናብ አስጠልለው፣ ጋሼ።"

"ላስጠልለው እችላለሁ" አለ ዘመነ። "ሰው እንዳይነካው ግን አልጠብቅልህም፤ ሥራ አለብኝ።"

ያ ታንከሩ ላይ ጫናት ያለው ሰው ከወዲሁ መሪውን ይዞ ያወዛውዛል። ታዘበው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ተወውና የወይንእሸትን ቦርሳ ተቀብሎ መንገዱን ተሻገረ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ ጭቃውን አይተው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። በየዳገቱ ግራ እግሩ ሳያዝዘው ማርሽ ይፈልጋል። ሁለቴ አንገቱን መልሶ የመጡበትን መንገድ አየ።

"ምን እንደምትላት አስበሃል?" አለች ወይንእሸት።

"አላሰብኩም።"

"መንገዱ ረጅም ነው። ተለማመድ።"

"እዚህ? በሰው ፊት?"

"እሷም ሰው ናት።"

ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ አራት ዓረፍተ ነገር ለመደ። አራተኛው ላይ ሴትዮዋ፣ "ድምፅህን ከፍ አድርግ ልጄ፤ አክስት የተባለች ሁሉ ጆሮዋ ከባድ ነው" አሉት።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሁለቱንም አዳምጠው፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለወንድማቸው ደወሉ። እሑድ የመጡት ሽማግሌዎች "እናስብበት" ተብለው ተመለሱ። ሰኞ ዕለት ታዘበው ሽንኩርቱን ከብረቱ ላይ አውርዶ ለእናቱ ሰጠ። ማክሰኞ ብረቱን በጆንያ ጠቅልሎ በሚኒባስ ሞጣ ሄደና፣ ከዘመነ ሱቅ ጀርባ፣ ከሞተሩ ኮርቻ በስተኋላ፣ በነበረበት ቦታ መልሶ በየደው።