ከባሕር የመጣ ዝናብ

ካሱ በአርባ ምንጭ ሃያ ስድስት ዓመት ዝናብ ሲለካ ኖሯል። ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሽቦ አጥሩ ውስጥ ይገባል፤ በቆርቆሮው የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስታወት መለኪያው ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከውሃው እኩል ያደርግና ያነበበውን ይጽፋል። ያልወረደ ዝናብ ጽፎ አያውቅም። የኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ገበሬዎች መንገድ ላይ አስቁመው «ጋሽ ካሱ፣ ነገ ይዘንባል?» ሲሉት፣ «እኔ የወረደውን እንጂ የሚወርደውን አላውቅም፤ ናትናኤልን ጠይቁት» ብሏቸው ያልፋል።

ናትናኤል እዚያው ጣቢያ የሚሠራ የትንበያ ባለሙያ ነው። በ2010 ዓ.ም.፣ ግንቦት ስምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ ካሱን ጠራው።

«ጋሽ ካሱ፣ ፌቨን ያለችው ሽንሌ በኩል አይደል?»

ፌቨን የካሱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። የውሃ ምህንድስና ተምራ፣ ጉድጓድ በሚቆፍር ድርጅት ተቀጥራ ወደ ሶማሌ ክልል ከሄደች ሰባት ወር ሆኗታል። የምታድረው ከሽንሌ ርቆ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር ጠጋ ብሎ፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው።

«ከሽንሌም ወዲያ ናት። ምነው?»

ናትናኤል ስክሪኑን አዞረለት። በየመንና በሶማሊያ መካከል፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ደመናው ክብ ሠርቶ ይጠማዘዛል።

«አውሎ ነፋስ እየተፈጠረ ነው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኦማን ወይም ወደ የመን ነው የሚወጣው። ይሄኛው ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ጉሮሮ እየገባ ነው።»

«የት ድረስ?»

«ገና አልለየም። ግማሹ ግምት ባሕሩ ላይ ይከስማል ይላል። ግማሹ ሶማሌላንድ ላይ ወጥቶ እኛ አገር ድረስ ይዘልቃል ይላል። ያ ከሆነ ዓመት ሙሉ የሚዘንበው በአንድ ቀን ይወርድባቸዋል።»

ካሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደረቅ መሬት ውሃ አይጠጣም፤ ያንን ከማንም በላይ ያውቃል። ደጋ ላይ የወረደው ዝናብ ሰማዩ ጠርቶ የሚታይበት ቆላ ድረስ ጎርፍ ሆኖ ሳይታሰብ ሲደርስ፣ ልጅ ሆኖ ከገረሴ ደጋ ቁልቁል አይቷል።

ፌቨን የስልክ ኔትወርክ የምታገኘው ከሰፈሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስትወጣ ብቻ ነበር። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ሐሙስም ደወለች።

«አባባ፣ ሙቀቱ ሊገድለን ነው! ዛሬ የረመዳን ጾም ስለገባ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ደክሟል። ደግሞ ምን ደስ ይላል መሰለህ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሰጠ! ነገ ፓምፑን እንሞክራለን። ስለ ሐሊማ ነግሬህ የለ? የግመል ወተት የምትሰጠኝ ሴትዮ? እሷና ዘመዶቿ ፍየሎቻቸውን ይዘው ነገ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።»

ካሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ናትናኤልን አየው። ናትናኤል ሁለት እጆቹን ዘረጋ፤ አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው ማለቱ ነበር።

«ባሕር ላይ ንፋስ ተነሥቷል ይላሉ» አላት ካሱ።

«እኛጋ ይመጣል?»

የድምጿን ደስታ ሰምቷል። በዚያ ላይ ያልወረደ ነገር ከአፉ ማውጣት አልለመደም።

«ወደ የመን ሳይሄድ አይቀርም። አታስቢ» አላት።

አርብ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ናትናኤል እንኳን ሰላም ሊለው ቀና አላለም። ሌሊቱን ግምቶቹ ሁሉ ተስማምተው አድረው ነበር። «ሳጋር» የሚል ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ ቅዳሜ ቀን ሶማሌላንድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ዝናቡን ተሸክሞ ሽንሌን ያቋርጣል።

ካሱ ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴት ድምፅ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰማ። ናትናኤል ከብዙ ፍለጋ በኋላ እዚያው አካባቢ ያለ የአንድ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ቁጥር አገኘለት። ስልኩን ያነሡት ሰውዬ ትሑት ነበሩ።

«ማስጠንቀቂያው ደርሶናል ወንድሜ። ለወረዳዎቹ አስተላልፈናል።»

«ወንዝ ውስጥ ላሉትስ?»

«ወንዝ ውስጥ ስልክ የለም እኮ» አሉ ሰውዬው። «ያለችን አንዲት መኪና ናት፤ እሷም ጠዋት ወደ ሌላ በኩል ወጥታለች። እስቲ እንሞክራለን።»

ዐሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ካሱ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ማለት አልቻለም። ልክ ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ፌቨን! ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። ትላንት ያልኩሽ ነፋስ ወደ እናንተ ዞሯል። ነገ ከሰዓት ዝናብ ይመጣል፤ ወንዙ ይሞላል። ዛሬውኑ ከዚያ ውጡ።»

«አባባ፣ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለም!»

«አዎ፣ አይኖርም። ነገ ይመጣል።»

«አበጋዝ አይሰማኝም። መቆፈሪያ ማሽኑን ያለ ትእዛዝ አላንቀሳቅስም ነው የሚለኝ።»

አበጋዝ የቁፋሮው ኃላፊ ነው።

«ማሽኑ ይቅር! ሰዎቹን አውጪ።»

«ሐሊማስ? ዛሬ ጠዋት ወርደዋል። ዐሥራ አራት ቤተሰብ ናቸው፤ አሸዋው ላይ ሰፍረዋል። ሁለት ዓመት ዝናብ አላዩም አባባ። ዝናብ ይመጣልና ሽሹ ብላቸው ምን ይሉኛል?»

«ለምኛቸው። እንደ…»

መስመሩ ተቆረጠ። መልሶ ደወለ። ሴትዮዋ አሁንም ማግኘት አይችሉም አለችው።

ቅዳሜ የሥራ ቀን ባይሆንም ሁለቱም ቢሮ ገቡ። የሳተላይቱ ምስል በየግማሽ ሰዓቱ ይታደሳል። ካሱ ሌባ ጣቱን ልጁ ያለችበት ቦታ ላይ አድርጎ፣ ነጩ ነገር ወደ ጣቱ ሲጠጋ፣ ከዚያም ጣቱን ሲውጠው አየ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ከወረደ በኋላ ነበር የሚደርሰው፤ ሲመጣ ቆሞ ማየትን ያን ቀን አወቀው። በመስኮቱ በኩል የአባያ ሐይቅ ፀሐይ አርፎበት ቀላ ብሎ ተኝቷል፤ ከሲቀላ ሰፈር የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። ዐሥራ ሁለት ሆነ።

«የኔትወርኩ ምሰሶ ወድቆ ይሆናል ጋሼ» አለ ናትናኤል። «ኔትወርክ ቀድሞ የሚጠፋው እንዲህ ሲሆን ነው።»

«ትንበያህ ትክክል ነበር» አለው ካሱ።

ናትናኤል አቀርቅሮ የኮምፒውተሩን ገመድ ያስተካክል ጀመር።

ቤት ሲደርስ የሰፈሩ የጸሎት ቡድን ተሰብስቦ አገኘው። ባለቤቱ ሻሺቱ መሐል ላይ ተንበርክካ፣ እግዚአብሔር ዝናቡን ወደ ባሕሩ እንዲመልሰው ታለቅሳለች። ካሱ አብሮ ተንበረከከ፤ ዝናቡ ይመለስ ብሎ መለመን ግን ከበደው። ፌቨን ያለችበት አካባቢ ሰዎችም ሁለት ዓመት ሙሉ በጾምና በጸሎት ሲለምኑ የኖሩት ይህንኑ ዝናብ ነው ብሎ አሰበ።

ሰዉ ሲበተን ሻሺቱ ቀረብ አለችው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ረቡዕ… ረቡዕ እንኳ ርግጠኛ አልነበርንም።»

«ሐሙስ አናግረሃት የለም?»

«አናግሬያታለሁ።»

«ምን አልካት?»

ሻሺቱ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች፤ ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ማለዳ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ መናኸሪያ ወረደ። አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ ድሬዳዋ ሌላ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተቆርጦ ካልሆነ ሦስተኛ ቀን ነው። ረዳቱ «አዲስ! አዲስ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ካሱ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳረፈ። ቆላውን ሲያቋርጡ ስልክ የማይሠራባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ልክ ያኔ ብትደውልስ? እግሩን መልሶ አወረደው። ረዳቱ ተሳደበ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ከሄደ በኋላ ደግሞ መቅረቱ ቆጨው። ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ እስከ ረፋዱ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ሰኞ ሬዲዮ ስለ ጎርፉ ተናገረ፤ የሞቱ አሉ አለ። የማንንም ስም አልጠራም።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለ።

«አባባ።»

ካሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ድሬዳዋ ነኝ። ደኅና ነኝ።» ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር፤ የተጻፈ ነገር የምታነብ ትመስላለች። «አርብ ማታ ካልወጣን ብዬ አበጋዝ ላይ አለቀስኩበት። ሊገላገለኝ ብሎ ድንኳኖቹን ጉብታው ላይ አስወጣ። ሁላችንም ተርፈናል። ማሽኑ የለም።»

«ተመስገን። ሌሎቹስ?»

«ሐሊማን ለመንኳት። አስተርጓሚም ይዤ ሄድኩ። ሳቀችብኝ። ‹ልጄ፣ ዝናብን መርቂው እንጂ አትፍሪው› አለችኝ። ቅዳሜ ሲጀምር ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ዝናቡን ሲጠጡ፣ ሲጨፍሩ በዐይኔ አየሁ። እኔም ሳቅሁ አባባ። ከነሱ ጋር ሳቅሁ። ሊያፈጥሩ እንደተቀመጡ ነው ውሃው ከላይ የመጣው። ድምፁን ቀድመን ሰማን። ጮህን። አይሰሙም።»

«ስንት ሰው…?»

«ተወኝ አሁን» አለች፤ ስልኩን ዘጋችው።

ከአራት ቀን በኋላ ቤት ገባች። ሻሺቱ አቅፋት ስትጮህ፣ የእናቷን ጀርባ መታ መታ እያደረገች የምታባብለው ፌቨን ነበረች። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን እመቤቴ አወጣችሽ»፣ «እንኳን ጌታ አተረፈሽ» እያለ መጣ። የአባትየው ትንበያ አዳናት የሚል ወሬም በሴቻ ሰፈር ተነዛ፤ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ መንገድ ላይ እጁን ይጨብጡት ጀመር። ካሱ እጁን ይሰጣል፤ የሚገባበት ግን ይጠፋዋል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ ኩልፎ ወረዱ። ሙዝ የጫነ ጋሪ አሳለፉና የመስኖው ቦይ ዳር ተቀመጡ። ፌቨን ውሃውን እያየች ነው የጠየቀችው።

«ሐሙስ ዕለት ምን ያህል ታውቅ ነበር?»

ዋሽቶ ሊያልፈው ይችል ነበር። ናትናኤልም ቢሆን አያጋልጠውም።

«ግማሽ በግማሽ ነበር» አለ።

«ግማሽ!» ወደሱ ዞረች። «ሐሙስ ገና ወደ ወንዙ አልወረዱም ነበር እኮ። ሐሙስ ማታ ነግሬያቸው ቢሆን፣ አንድ ቀን ቆዩ ብላቸው ይቆዩ ነበር፤ ግማሽ ነው ብላቸውም። ለመውረድ አልተቸኮሉም ነበር። ከወረዱ በኋላ ነው እምቢ ያሉኝ።»

«ርግጠኛ ሳልሆን ላስደነግጥሽ አልፈለግሁም። ዕድሜዬን በሙሉ…»

«አውቃለሁ» አለች። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «አሁን እኔም የማደርገው የለም። አንተም የምታደርገው የለህም።»

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አላነሡትም። የሰኔ ዝናብ ጀመረ፤ ኩልፎ ደፈረሰ። ድርጅቱ ሌላ ማሽን ልኳልና ተመለሺ ብሎ ጠራት። ሻሺቱ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት፤ ፌቨን ግን፣ እዚያ የተረፉት ሰዎች ጉድጓዱ በደለል ተደፍኖባቸው ውሃ የላቸውም አለች። ካሱ ሂጂም አትሂጂም አላለም። ሊላት የሚገባውን ቢያስብም አንዱንም ለማለት መብት ያለው አልመሰለውም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ በመስኮቱ በኩል አንገቷን አወጣች።

«ደርሼ እደውላለሁ» አለችው።

«መቼ?»

«እንጃ አባባ። የኔትወርኩ ምሰሶ ገና አልተተከለም።»

አውቶቡሱ ጭቃውን እየረጨ ወጣ። ካሱ ሌሎቹ ሸኚዎች ሁሉ እስኪሄዱ ድረስ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ የሥራ ሰዓት አልፎበት ነበርና ባጃጅ አስቁሞ ተሳፈረ።