ፏፏቴው ሥር የቆመው ሰው

ዕድሜዋን ሙሉ ሠርግ ስትቀርጽ የኖረች ሴት ናት። የሙሽራ አክስት ካሜራዋ ፊት እየተገተረችባት፣ ሰካራም አጎት ትከሻዋ ላይ እየተደገፈባት፣ "እኔን አንሺኝ እንጂ!" እየተባለች ብዙ ዓመት ከገፋች በኋላ አንድ ቀን ምርር አላትና ድሮን ገዛች። ከዚያ ወዲህ ዓለምን ከላይ ወደ ታች ማየት ለመደች። እዚያ ላይ ማንም አይጋፋትም።

አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው። የፊት ጥርሱ መሀል ክፍተት ስላለው ሰፈሩ ሁሉ ፍንጭቱ ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙንማ የወለደችው እናቱም አስባ ነው የምትጠራው።

ሴትዮዋ ጥንቁቅ ናት። ፏፏቴ ለድሮን ክፉ ጠላት መሆኑን ታውቃለች። ካፊያው ሞተር ውስጥ ይገባል፣ ከውሃው ጋር ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ይዞት ይወርዳል፣ ገደሉ ደግሞ ሲግናል ይጋርዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጎን እንጂ ፊት ለፊት አትጠጋም፤ ባትሪውም ሳይንጠፈጠፍ ትመልሰዋለች። ፍንጭቱ በዚህ ያሾፍባታል።

"እታለም፣ ለድሮኑ የምትሳሽለትን ሩቡን ለእኔ ብትሳሽልኝ ይሄኔ ወፍሬ ነበር።"

አንድ ቀን አንድ ፏፏቴ አጠገብ ሆቴል የከፈተ ሰው ማስታወቂያ ፈልጎ አሠራቸው። ገደሉ ጫፍ ላይ፣ የብረት አጥር ካለው መመልከቻ ቆማ ድሮኑን አንድ ዙር አበረረችውና ስክሪኑን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

"ያምራል፤ ግን ትልቅነቱ አይታይም።"

"ሰው የለበትማ!" አለ ፍንጭቱ። "ከሥሩ ሰው ካልቆመ በምን ይታወቃል? ልውረድ።"

"ድንጋዩ ያዳልጣል።"

"እኔና ድንጋዩ እንተዋወቃለን።"

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ምስሉ ዓይኗ ላይ መጣባት፦ ነጭ የውሃ ግድግዳ፣ ከሥሩ ቢጫ ጃኬት የለበሰ፣ ጣት የሚያህል ሰው። "ወደ ውሃው እንዳትጠጋ" ብላ ላከችው።

እሱ ግን በደረጃው ወርዶ ዳር መቆሙ አልበቃውም። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወንዙ መሀል ያለ ሰፊ ቋጥኝ ላይ ወጣ። ልትቆጣው አሰበች፤ ስክሪኑ ላይ ያየችው ነገር ግን እጅግ ያምር ነበርና ቀረጸችው። እሱም እጁን ዘርግቶ መጨፈር ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው የመመልከቻው ጠባቂ፣ ሽበታም ሰው፣ አጠገቧ መጥቶ የቆመው። ዓይኑ ከፏፏቴው አናት ላይ ነበር።

"ልጄ፣ ላይ ዘንቧል፤ ጎርፍ ይመጣል። ወንድምሽን ጥሪው።"

እነሱ ያሉበት ፀሐይ ነው። ቀና ብላ ስታይ ግን የሚወርደው ውሃ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ጮኸች። ፏፏቴው ድምጿን ዋጠው። ስልክ ደወለች፤ ስልኩ እግሯ ሥር ካለው ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። ውሃ እንዳይነካበት ብሎ ትቶት ወርዷል።

የቀራት ድሮኑ ነው። ወደ እሱ አስጠጋችውና ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አወዛወዘችው፤ አይሆንም፣ ውጣ፣ ማለቷ ነው። ፍንጭቱ ቀና ብሎ አየና ፍንጭት ጥርሱን ገልጦ ሳቀ። የምትጫወት መስሎት እሱም ግራ ቀኝ ተወዛወዘ። ከጀርባው የተሻገረባቸው ድንጋዮች አንድ በአንድ ሲጠፉ እሷ ታያለች፤ እሱ አያይም። እዚያ ላይ ሆና የሁሉንም ነገር መጨረሻ እያየች፣ አንዲት ቃል ማቀበል አቃታት።

ዞር ሲል ገባው። ጭፈራው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ።

ጠባቂው ገመድ ይዞ ቁልቁል ሮጠ። እሷ ልትከተለው አንድ እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። ብትወርድ ምን ልታደርግለት? ብትቆምስ ምን እያደረገችለት ነው? ግን ወንድሟ እያየችው መሆኑን ካወቀ ይጽናናል ብላ ቆመች። ፍንጭቱ ቋጥኙን አቅፎ ተቀምጦ ድሮኑን ሽቅብ ያየዋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "እታለም" የሚል መሰላት። ሁልጊዜ የምትሸሸው ካፊያ ውስጥ ድሮኑን አስገባችው፤ መስታወቱ ላይ ጠብታ ተለጠፈ፤ ፊቱ ደበዘዘ።

መቆጣጠሪያው ባትሪ ማለቁን እየጮኸ ነገራት። ዓይኑ እያየ ውሃ ውስጥ ከሚወድቅ፣ ባትሪ ቀይራ ልትመልሰው ብላ ድሮኑን ወደ ራሷ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ ሲያንስ አየችው። ሁለት እጁን ዘርግቶ በግማሽ ተነስቶ ነበር።

ባትሪውን ቀየረች። የራሰው ሞተር ግን እምቢ አለ። ደግማ ሞከረች፤ እምቢ። ከአጥሩ ባሻገር የሚታየው ጉምና ቡናማ ውሃ ብቻ ነው። ድሮኑን ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ጠባቂው ገመዱን ሲወረውር፣ ውሃው ሲመልሰው ነበር። አይደርስም። ውሃው ፍንጭቱን ጉልበቱ ድረስ ይዞታል። ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ልትገባ ስትል ጠባቂው ወገቧን ጨምድዶ ያዛት።

"ልቀቀኝ ጋሼ!"

"አልለቅሽም። ለእናትሽ አንድ ይትረፋት።"

እንዲህ አላት። ከዚህ ወዲያ መቆም ብቻ ሆነ።

ማንም አላዳነውም። ውሃው በራሱ ጊዜ እንደመጣ፣ በራሱ ጊዜ ጎደለ። ድንጋዮቹ ራሳቸውን ማሳየት ሲጀምሩ ፍንጭቱ በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ አንድ እግሩ ባዶ።

ባለሆቴሉ ቪዲዮውን ሲያይ "ይሄ የሚጨፍረው ልጅ ግሩም ነው!" አለ። የሆነውን ነገረችው። "ግን ተርፏል አይደል?" ሲል ጠየቃት።

ፍንጭቱ ቤት ውስጥ ነገሩን ቀልድ አደረገው። "ውሃው ቀመሰኝ፣ አልጣምኩትም፣ ተፋኝ" ሲል እናታቸው ሳትቀር ሳቀች። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ግን ምስል ከምታስተካክልበት ጠረጴዛ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"እታለም። ባትሪ ነው አይደል?"

"ባትሪ ነው።"

"ያኔውም ገብቶኛል እኮ። ባትሪ እንደሆነ አውቄያለሁ።" የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ሳበው። "ግን ስትዞሪ ጊዜ ጮኼ ነበር።"

እሷ ከስክሪኑ ዞር ብላ አየችው።

"አልሰማሁህም።"

"እንዴት ትሰሚኛለሽ?" አለ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። "ማንም አይሰማም እዚያ።"

ከዚያ ሻይ ላፍላ ብሎ ወጣ። እሷ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ማንቆርቆሪያውን ሲፈልግ ዕቃ የሚያንኳኳውን ድምፅ እያዳመጠች ተቀመጠች።