የአይጠፌ ሥራ

የመብራቱን ዋና ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ጥላሸት ከለበሰው ግድግዳ ላይ ቫልቮላውን ነቅሎ ሲያየው እጁ ቀጥ አለ። በሸክላው ውስጥ መኖር የነበረባት ፀጉር የምታክል ቀጭን ሽቦ የለችም። በእሷ ቦታ ሦስት እጥፍ የተገመደ መዳብ ተወጥሯል። ጫፉ ወደ ግራ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። እንደዚያ አድርጎ የሚጠመዝዝ በሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወንበሩ ላይ ቆሟል።

«ምን አገኘህ?» አሉት የቤቱ ባለቤት፣ ከታች ወንበሩን ደግፈው እንደያዙ።

«ኧረ... ያረጀ ነገር ነው፣ እትዬ» አለና ሽቦውን መዝዞ ኪሱ ከተተው። ለምን እንደከተተው እንኳ አላሰበበትም።

ሰፈሩ ይህን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «አይጠፌ» ነው የሚለው። እሱ የነካው መብራት አይጠፋም ይባልለታል። ሌላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠግኖ በሄደ በሳምንቱ ቫልቮላው ይቃጠላል፤ የአይጠፌ ግን ዓመት ከዓመት ንቅንቅ አይልም። እንዴት ብሎ ይነቃነቅ! ቀጭኗ ሽቦ የምትቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፣ እያወቀ ነው ያደረገው። ሰው «ሥራ አይችልም» እንዳይለው ፈርቶ ጀመረው፤ ከዚያ ስም መጣ፣ ስም ደግሞ ይጣፍጣል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ምድጃው፣ የውሃ ማሞቂያውና ካውያው አንድ ላይ ሲሠሩ፣ በአሮጌው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ጋለ፣ ቀለጠ፣ እሳቱም መጋረጃውን ያዘ። የእትዬ ልጅ መጋረጃውን በእጇ ስትጎትት ክንዷ ተቃጠለ። ባሏ ነው በብርድ ልብስ አፍኖ ያጠፋው። አሁን እሷ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ጓዳ ተኝታለች፤ እሱ ደግሞ ደጃፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዛሬ ሥራ አልገባም። ሚስቱን ቀዝቃዛ ውሃ አይንካት ብሎ ባለፈው ወር ማሞቂያውን የገዛው እሱ ነው።

«ይኼ ነው ጉድ ያደረገኝ!» አሉ እትዬ በአገጫቸው ወደ አማቻቸው እየጠቆሙ። «አርባ ዓመት ስኖርበት እሳት አይቼ አላውቅም። እሱ መጣ፣ ማሞቂያ መጣ፣ ልጄ ተቃጠለች። ነገ ልብሱን ሰብስቦ ውልቅ ይበልልኝ!»

አማቹ ቀና አላለም። «እውነታቸውን ነው፣ ጋሼ። በገዛ እጄ ሚስቴን አቃጠልኳት። ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

«ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ» አለ አይጠፌ በሆዱ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። የሰው ትዳር ግን በእሱ ሽቦ ሊበጠስ ነው። ከወንበሩ ወረደ።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።» ሽቦውን ከኪሱ አወጣ። «ትክክለኛው ቢሆን ኖሮ ገና ሲበዛበት ተበጥሶ መብራቱ ይጠፋ ነበር። በቃ፣ መብራት ጠፍቶ ያበቃ ነበር። ይኼን ወፍራሙን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ‹በየሳምንቱ ልጥራህ እንዴ?› ብለው የተቆጡኝ ጊዜ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

ስድብ ጠበቀ፤ ጥፊም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። የእትዬ ፊት ግን ለሰለሰ።

«አንተ እኮ አንጀትህ አይችልም» አሉት። «ልጁ አሳዘነህና ጥፋቱን ልትሸከምለት ነው። ተው እንጂ! የአይጠፌን ሥራ የማያውቅ አለ?»

አማቹም ቀና ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ግን አይዋሹልኝ» አለ።

ወይ ጉድ! ሰው እውነቱን ተናግሮ ይመሰገናል? አሁን ዕቃውን ሸክፎ ቢሄድ ስሙ ይተርፋል፣ ደግነትም ይመረቅለታል። ጆሮው እስኪግል አፈረ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረው ሐሳቡ ለአፍታ ጥሞት መገኘቱ ነው።

«ይከተሉኝ፣ እትዬ። አንተም ተነስ።»

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በራቸውን አንኳኳ።

«መብራቴ ደህና ነው እኮ፤ ማን ጠራህ?» አሉ መምህርቷ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ማንም አልጠራኝም። ቆጣሪው ጋ ያድርሱኝ።»

ዋናውን አጠፋ፣ ቫልቮላውን ነቀለና ውስጡን ሳያየው በእትዬ መዳፍ ላይ አኖረው። ያው ሦስት እጥፍ መዳብ፣ ያው ወደ ግራ የዞረ ጫፍ ነው።

«እዚህ ቤት አማች የለም፣ እትዬ።»

እትዬ ሽቦውን እሱ በእጁ ከያዘው ከራሳቸው ቤት ሽቦ ጋር አስተያዩት። ከዚያ እሱን አዩት፤ ከእንግዲህ እንደ ድሮው እንደማያዩት ገባው። አማቻቸው በሩን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ወደ ሚስቱ ሮጠ።

«ስንት ቤት ነው?» አሉ እትዬ።

«ከዚህ ጀምሮ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ።» ዕቃ መያዣውን አነሳ። «አሁኑኑ እየዞርኩ ልነቅል ነው። እርስዎ ግን ይቅደሙኝና ለየቤቱ ይንገሩልኝ። እኔ ብናገር አያምኑኝም።»