አትቸገር

"ዙፋኔ፣ አንዴ ቁሚልኝማ!"

ዙፋን አንድ እግሯን ከፋብሪካው በር አውጥታ ነበር። ሁለተኛውን ሳታወጣ የፈረቃ ኃላፊዋ ጋሽ አምባው እያለከለኩ ደረሱባት።

"ሁለት ጥቅል ጨርቅ ብቻ ነው የቀረው። የከሰዓቷ ልጅ ቀረችብኝ። አንቺ ደግሞ ዓይንሽ ፈጣን ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም።"

"ዛሬ አልችልም ጋሽ አምባው። ጉዳይ አለብኝ።"

"አውቃለሁ፣ ደክሞሻል። ግማሽ ሰዓት ብቻ።"

"የምሬን ነው፤ ዛሬ አይሆንልኝም።"

"አፈር ስሆን! አንቺም እንደ ሌሎቹ እምቢ ልትዪኝ ነው?" ብለው ክንዷን ያዝ አደረጉና እየሳቁ ወደ ውስጥ መለሷት።

ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም። ዙፋን በዚህ ፋብሪካ አስራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን እምቢ ብላ ስለማታውቅ፣ ዛሬ እምቢ ስትል የሚሰማት ጆሮ አላገኘችም። የተግደረደረች ነው የመሰላቸው። ወደ መፈተሻ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከመስታወቱ ሥር መብራት የበራበት ጠረጴዛ ነው፤ ጨርቁ በላዩ ላይ ያልፋል፣ እሷ ደግሞ ቀዳዳና የተዘለለ ክር እየፈለገች በጠመኔ ክብ ታደርግበታለች። ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ አየችው። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ኔትወርክ የለም። ከጠዋት ጀምሮ በአቃቂ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ትኬት ይሰረዛል፤ ከትኬቱ ጋር አብሮ የሚሰረዘውን ነገር ዙፋን ማሰብም አልፈለገችም።

ነገሩ የተጀመረው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ኢፍቱ፣ "ዙፊ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ማን ያገኝሻል?" ብላ በአንድ የመተጫጫ ድረ ገጽ ላይ ስሟንና ፎቶዋን አስገባችላት። ገጹ ስለራስሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ ይላል። ሌሎቹ ሴቶች ጉዞ እወዳለሁ፣ መሳቅ እወዳለሁ ብለው ነበር የጻፉት። ዙፋን በዚያ ቀን ታክሲ አጥታ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለነበር፣ በዚያችው በአስረኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ፣ "ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ታክሲ ጠብቄ ደክሞኛል" ብላ ጻፈች። ኢፍቱ ግንባሯን መታች።

የመጣው መልስ የሚያኮራ አልነበረም። አንዱ የሰባ ዓመት ሽማግሌ የእግሯን ፎቶ ለመነ። አንዱ በመጀመሪያው ሰዓት "ንግሥቴ" ብሎ በሁለተኛው ሰዓት "ቪዛ ፈልገሽ አይደል?" አላት። አንዱ ደግሞ ሰፈሯ ውስጥ ዝሆን ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። እሷም ለሁሉም በትሕትና መለሰች፤ ለዝሆኑም ጭምር። ልትተወው ስትል ሄንድሪክ የሚባል ሆላንዳዊ ጻፈላት።

"የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ዛሬ አራት ደቂቃ ስለዘገየሁ አንዲት ሴትዮ ሰደበችኝ። አንቺ ዘጠና ደቂቃ ጠብቀሽ ማንን ሰደብሽ?"

"ማንንም።"

"ለምን?"

ዙፋን ሳቀች፤ ከሳቀችም ቆይታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍቅራቸው፣ ፍቅር ከተባለ፣ በብሶት ነበር። እሱ ስለ ላይኛው ፎቅ ውሻ፣ ቆሻሻውን በተሳሳተ ከረጢት አውጥተሃል ተብሎ ስለተቀጣው ቅጣት፣ ስለማያባራው ዝናብ ይጽፋል። እሷ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ "ሲስተም የለም" ብለው ሦስት ቀን ስላመላለሷት የቀበሌ ሠራተኞች ትጽፋለች። "የዛሬውን ንገሪኝ" ይላታል ማታ ማታ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱን ከፈታ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ንግሥቴ ብሏት አያውቅም። ዙፋን ይህን ወደደችለት። የደከመን ሰው የሚያውቀው የደከመ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ግን ብሶቱን ትቶ ይህን ላከ፦ "በታኅሣሥ ሦስት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ትኬት አስይዣለሁ፤ እስከ አርብ በእናንተ አስራ አንድ ሰዓት ካልከፈልኩ ይሰረዛል። መጥቼ አንቺንና እናትሽን ባይ ደስ ይለኛል። ከተስማማን ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት እዚህ መጥተሽ አብረን ብንኖር እመኛለሁ። ልምጣ?"

ዙፋን ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበች። ፊቷ እንደ ምድጃ ጋለ። ከዚያም እንዲህ ብላ መለሰች፦ "አይ፣ አትቸገር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ትኬቱም ውድ ነው።"

የአቃቂ ሕፃን እንኳ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል ያውቃል። "ምን ችግር አለው" ይባላል። "ኧረ ተው" ይመለሳል። "መጣሁ በቃ" ይባላል። "እንግዲህ ካልክ" ይመለስና ሁሉም በወጉ ያልቃል። ሄንድሪክ ግን፣ "እሺ። በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" ብሎ ጻፈና ጠፋ። ረቡዕ ዝም። ሐሙስ ዝም።

ዛሬ ጠዋት በሻይ ሰዓት ለኢፍቱ ስትነግራት ልጅቷ ዳቦዋን መጉረስ አቆመች።

"እምቢ አልሽው?"

"እምቢ አላልኩም። አትቸገር ነው ያልኩት።"

"እሱ ታዲያ አልተቸገረም!"

"ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ። የፈለገ ሰው አንዴ ጠይቆ ይተዋል?"

"ዙፊ፣ ሰውየው ፈረንጅ ነው። እነሱ አይ ካልሻቸው አይ ነው። ዛሬውኑ ጻፊለት፤ ና በይው።"

"ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ላይ ወንድ ልጅ ና ብዬ ልጥራ?"

"እንግዲያ ሠላሳ ስምንት እስኪሞላሽ ጠብቂ" አለችና ኢፍቱ ሻይዋን ጨልጣ ተነሳች።

የጋሽ አምባው ግማሽ ሰዓት አንድ ሰዓት ከአስር ሆኖ አለቀ። ዙፋን ከፋብሪካው ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። የታክሲው ሰልፍ የአጥሩን ጥግ ታጥፎ ይሄዳል። ሚኒባሱ ሲመጣ ሰልፉ ፈረሰ፤ እሷ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ቦታ ለቀቀች፣ ከነፍሰ ጡሯ ኋላ የነበሩ ሦስት ጎረምሶች ተከትለው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ባጃጅ ይዛ አቃቂ ገበያ አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄደች። የቤቱ ባለቤት መዓዛ ከበሩ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

"መብራት የለም" አለች ቀና ሳትል።

"ጄኔሬተሩስ?"

"ቤንዚን የለም።"

"መቼ የሚመጣ ይመስልሻል?"

"የትኛው?"

ዙፋን ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች። በአቧራው መሐል ስልኳን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጋ ይዛ ስትሄድ ያዩአት የሰፈር ሴቶች ምን እንዳሉ እግዜር ይወቀው። በሕይወቷ አንድ ነገር በግልጽ ልትናገር በቆረጠችበት ቀን፣ ሰማይና ምድር አፏን የሚይዙባት መሰላት። ማልቀስ አማራት።

ቤታቸው ከድሮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። እናቷ ወርቅነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ የታመመ ጉልበቷን ዘርግታ፣ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከዙፋን ሌላ ልጅ የላትም። ዙፋን ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ኔትወርክ መጣ። አስር ሰዓት ከሠላሳ ሁለት።

ቆማ ጻፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታጠፋና ሳታስተካክል ጻፈች፦ "ማክሰኞ አትቸገር ያልኩህ ደግመህ እንድትጠይቀኝ ብዬ ነው። ና።"

መልሱ ወዲያው መጣ። "ለምን ደግሜ እጠይቃለሁ? እዚህ አይ ያለችን ሴት ደግሞ የሚጠይቅ ባለጌ ነው።"

"እኛ ጋ የማይደግም ሰው ያልፈለገ ነው።"

"ሦስት ቀን አልተኛሁም" አለ። ዙፋን ግድግዳውን ተደገፈች። እሷም እንዳልተኛች ልትጽፍ ስትል ሌላ መጣ። "እናትሽስ? ከአንቺ ሌላ የላትም ብለሽኛል። ስለ ክረምቱ ታውቃለች? ጠይቂያትና ያለችውን ጻፊልኝ። እሷ ካልፈለገች አልመጣም። ሃያ ደቂቃ አለኝ።"

እናቷ ስለ ሄንድሪክ የምታውቀው ግማሹን ነበር፤ ፈረንጅ እንደሆነ፣ ሹፌር እንደሆነ፣ እንደሚጽፍላት። ዙፋን አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ ያ ሰውዬ በታኅሣሥ ልምጣ ይላል።"

"ይምጣ። እግዜር ያመጣውን እንግዳ ማን ይመልሳል?"

"ለእንግድነት ብቻ አይደለም። ከተስማማን በክረምት ወደ አገሩ ሊወስደኝ ነው።"

የእናቷ ጣቶች ምስሩ ላይ ቀስ አሉ። "ሹፌር ነው አይደል ያልሽኝ?"

"የአውቶቡስ።"

"አባትሽም ባቡር ላይ ነበር። ድሬዳዋ ሄዶ ሳምንት ሲቀር በር በሩን እያየሁ ነው ያረጀሁት።"

"እሱ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። አራት ደቂቃ ከዘገየ እንኳን ይሰደባል።"

እናቷ ፈገግ አለች። ከዚያ ከሰፌዱ አንዲት ጠጠር አንስታ ወረወረችና፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ፣ "ሂጂ ልጄ" አለች። "ዕድሜሽ ነው። ስለ እኔ አታስቢ። እኔ ምን እሆናለሁ? ጎረቤት አለ። ጉልበቴም ዘንድሮ ሻል ብሎታል።"

ጉልበቷ ዘንድሮ አልተሻለውም። ትናንት ማታ ከአልጋዋ ያነሳቻት ዙፋን ናት።

ዙፋን ይህን ቃል ታውቀዋለች። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ፈቀደ የሚባል አስተማሪ ወደ አዋሳ ሲዛወር አግብቶ ሊወስዳት ጠይቋት ነበር። ያኔም አባቷ ገና በሕይወት እያለ እናቷ ያለችው ይህንኑ ነው፦ ሂጂ፣ ስለ እኔ አታስቢ። ዙፋን "እንዴት ጥዬሽ እሄዳለሁ!" አለች። እናቷ "ኧረ ሂጂ" አለች። ዙፋን "አልሄድም" አለች። እናቷ ሦስተኛውን አልደገመችም፤ "እንግዲህ ካልሽ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ፈቀደ አዋሳ ላይ አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል።

አሁንም እናቷ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ሁለቱም ያውቃሉ። "እንዴት ጥዬሽ" የሚለው ቃል ዙፋን ምላስ ላይ ተሰናድቶ ተቀምጧል፤ አፏን ብትከፍት ራሱ ይወጣል። ለእናቷ አዘነች። በራሷም አፈረች። ግን ደክሟት ነበር፤ የሰውን ሁሉ ቃል እየገለበጠች ውስጡን ስታነብ፣ የእሷን ማንም ሳይገልጥላት፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ደክሟት ነበር።

ስልኩን አነሳች። እያንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ እየፈለገች፣ ምንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ ጻፈች፦ "እናቴ ይምጣ አለች። ሂጂ፣ ስለ እኔ አታስቢ፣ ጎረቤት አለ፣ ጉልበቴም ሻል ብሎታል አለች።"

አስር ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ መልስ መጣ። "ደግ እናት አለችሽ። አሁን ከፈልኩ።"

"ምን ጻፍሽለት?" አለች እናቷ።

"ያልሽውን።"

"ያልኩትን?"

"አዎ እማዬ፤ ያልሽውን።"

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ረጅም አስተያየት ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ የሚጠይቅ ነገር ግን ነበረበት። ዙፋን ጫማዋን አወለቀች፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና የሰፌዱን አንድ ጎን ወደ ራሷ ስባ ጠጠር መልቀም ጀመረች። አፏን አልከፈተችም።