«ወይም» እና «እና»

የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ኃላፊ ማክሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። ሰላምታዋ እንኳ ቆጠብ ያለ ነበር።

«በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ክሎሪን ከመጠን በላይ ገብቷል» አለች። «ሰው እየደወለ ውሃው ዓይን ያቃጥላል ይለናል። መዝገቡን ስናየው የጨመረው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ደግሞ የሚታዘዘው በእናንተ ቋንቋ ነው።»

የእናንተ ቋንቋ ያለችው እኔና ታላቅ ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት የሠራነውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጣቢያው ሠራተኞች ፕሮግራመር ሳይጠሩ ማሽኑን ራሳቸው እንዲያዙት ብለን ነበር የሠራነው። ቃላቱ ከሠላሳ አይበልጡም። ሠራተኛው እንደሚናገረው አድርጎ ይጽፋል፤ «ተርጓሚ» የምንለው ፕሮግራም ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ ማሽኑ ወደሚያውቀው ትእዛዝ ይለውጠዋል። ጽሑፉ እንዴት ይነበብ የሚለው የወንድሜ ሥራ ነበር፤ የተነበበው እንዴት ይፈጸም የሚለው የእኔ።

ወዲያው ሄድኩ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሠራተኞቹ የጻፏቸው ትእዛዞች በፕላስቲክ ተሸፍነው ተለጥፈዋል። የክሎሪኑ ከላይ ሦስተኛው ነው።

«ውሃው ከደፈረሰ ወይም ዝናብ ከጣለ እና ሠራተኛ ከፈቀደ ክሎሪን ጨምር።»

ሲጽፉት ምን ማለታቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ አብሬያቸው ነበርኩ። ውሃው ደፈረሰም፣ ዝናብ ጣለም፣ ሠራተኛው «ፍቃድ» የሚለውን ቁልፍ ካልተጫነ ማሽኑ ጠብታ አይጨምርም። በሦስቱም ቀን ቁልፉ ስለመጫኑ መዝገቡ ላይ ምንም የለም። ማሽኑ ግን ጨምሯል።

ሦስቱንም ቀን ተረኛ የነበሩት አንድ ሰው ናቸው። የናሙና ጠርሙስ ከእጃቸው ስለማይጠፋ ሁሉም ሰው ጋሽ ጠርሙስ ይላቸዋል። ማሽኑ የገባ ሰሞን «እኔ ከቆርቆሮ ትእዛዝ አልቀበልም» ብለው ሁለት ሳምንት አኩርፈው እንደነበር አልረሳሁም።

«ቁልፉን ተጭነው ነበር?» አልኳቸው።

«አልተጫንኩም። ውሃው ደፍርሶ ሳገኘው ክሎሪኑን በእጄ ጨመርኩ፣ እንደ ድሮዬ። በእጄ ከጨመርኩ በኋላ ቁልፍ ምን ያስነካኛል?»

«ታዲያ ማሽኑ በዚያ ላይ ማን ፈቅዶለት ጨመረ?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ። የወለድሽው አንቺ።»

ነገሩ አልጣመኝም። የመዝገቡ የይለፍ ቃል በተረኛው እጅ ነው። ተጭነው፣ ኋላ ጥፋታቸውን ሲያዩ መስመሯን ሰርዘው ይሆናል አልኩ በሆዴ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው የካዱኝ መሰለኝ። ለኃላፊዋ ግን ምንም ሳልተነፍስ የወሩን መዝገብ ሙሉውን ቀድቼ ወጣሁ። ለወንድሜም አልነገርኩትም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ጠርሙስ ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ውሃው እየደፈረሰ ነው። ከላይ መንገድ እየቆፈሩ አፈሩን ይለቁብናል። ነይና አጠገቤ ቁሚ።»

ስደርስ ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ቆመዋል። ጠርሙሱን እንኳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። «ዛሬ በእጄም አልጨምርም፤ ዝም ብለሽ እይ» አሉኝ። የመደፍረሱ ቁጥር ቀስ እያለ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የዝናብ ጠብታ የለም። ቁልፉን ማንም አልነካም። ቁጥሩ ከወሰኑ እንዳለፈ የክሎሪኑ ፓምፕ ድርር ብሎ ተነሳ።

ጋሽ ጠርሙስ ዞር ብለው አዩኝ። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«መዝገቡን የሰረዝኩ መስሎሽ ነበር አይደል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ» አልኩ።

«ፊትሽ ላይ ነበር» አሉና ፓምፑን ሊያጠፉ ሄዱ።

እሳቸው ነጻ ሲወጡ ጥርጣሬዬ አልጠፋም፤ ቤት ቀየረ እንጂ። የኔ ላፕቶፕ ላይ የቆየ የተርጓሚው ቅጂ ነበረኝ። ያችኑ ዓረፍተ ነገር ለእሱም፣ ጣቢያው ለሚጠቀምበትም ሰጠኋቸው። የኔው ከግራ ወደ ቀኝ አነበበው፤ ደፍርሶም ሆነ ዘንቦ፣ የሠራተኛ ፍቃድ የግድ ነው። የጣቢያው ግን «እና»ን አስቀድሞ አጣበቀው። ፍቃዱ ከዝናቡ ጋር ብቻ ተጣመረ፤ መደፍረሱ ለብቻው ልጓም አልባ ቀረ። ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለውጧል። የጣቢያው ቅጂ ከሰባት ወር በፊት የታደሰ ነው። ስህተቱ እስካሁን ያልታየው ውሃው ጠርቶ ስለከረመ ነው።

የንባቡን ክፍል ከወንድሜ በቀር የሚነካው የለም።

ቢሯችን ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ሥር ይመጣል። ስገባ ወንድሜ የኮምፒዩተሩን ክዳን ከደነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ አያደርግም።

«ጣቢያው እንዴት ነው?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ በሳምንት ሁለቴ ምን ያመላልስሻል?»

ጣቢያው መሄዴን አልነገርኩትም ነበር። ማን ነገረው? አርብ ዕለት እሱ ሳይኖር ጠረጴዛውን እስከማገላበጥ ደረስኩ። ከአንድ ሌላ ደንበኛ፣ ከአንድ የወተት ማቀነባበሪያ የመጣ ደብዳቤ አገኘሁ፤ ወንድሜን በስሙ ጠርቶ «ስላደረጉልን ማስተካከያ» ያመሰግናል። ለእኔ የደረሰኝ ነገር የለም። ወንድሜ ከጀርባዬ ቋንቋችንን ለሌላ ሰው እንደሚመች አድርጎ ጠምዝዞታል፤ የጣቢያው ውሃ ሲበላሽ ደግሞ አፉን ዘግቷል። እንዲህ ብዬ ደመደምኩ።

ቅዳሜ ምሳ እናታችን ቤት ነው። ዳሌዋን ከታከመች ወዲህ በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ምላሷ ግን ምርኩዝ አልፈለገም። እኔና እሱ ጨው እንኳ ሳንቀባበል ስንበላ አየችና «እናንተ ልጆች፣ ያልነገራችሁኝ ለቅሶ አለ እንዴ?» አለች።

በሆዴ ልይዘው አልቻልኩም።

«የ‹ወይም› እና የ‹እና›ን ንባብ ለምን ቀየርክ?» አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «የጣቢያውን መዝገብ ለምን ደብቀሽኝ ቀዳሽ?»

«መጀመሪያ የኔን መልስ።»

«ለኃላፊዋ ልታስረጂ ነው አይደል? ጥፋቱን እኔ ላይ ቆልለሽ ልትወጪ። ከጣቢያው ደውለው ‹እህትህ ሙሉ መዝገብ ይዛ ሄደች› ሲሉኝ ነው የገባኝ።»

«የወተቶቹን ደብዳቤ አይቻለሁ» አልኩ።

ስልኩን አውጥቶ የድሮ መልእክቶችን ወደ ላይ ወደ ላይ ሲያሳልፍ ቆየና ለእኔ ሳይሆን ለእናታችን ሰጣት። «አንቺ አንብቢላት።»

እናታችን መነጽሯን አድርጋ ቃል በቃል አነበበች። «‹ወተቶቹ “እና” ከ“ወይም” ቀድሞ ይነበብ ይላሉ። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚረዳው። ለሁሉም ደንበኛ ልቀይረው?› ይላል ይሄ። ከዚያ አንቺ ‹እንደመሰለህ አድርግ› ብለሻል።» ቀኑን አይታ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄማ ቀዶ ጥገና የገባሁበት ቀን ነው።»

አስታወስኩ ማለት አልችልም። የማስታውሰው የሆስፒታሉን ኮሪደር፣ የብረት ወንበሩንና በየደቂቃው የሚጮኸውን ስልኬን ነው። መልእክቱ ግን የኔ ነው።

«ጠይቄሻለሁ» አለ ወንድሜ፣ ድምፁ ወርዶ። «ጥፋቴ የጣቢያውን ትእዛዞች በአዲሱ ንባብ አለመሞከሬ ነው። ማክሰኞ ከጣቢያው ስለ ክሎሪኑ ስሰማ ገባኝ። ልነግርሽ ስል አንቺ ተደብቀሽ ማስረጃ ትሰበስቢያለሽ።»

«ክዳኑንስ ለምን ዘጋህብኝ?»

«ሳልጨርስ እንዳታዪው ነዋ። ላስተካክለው እየሞከርኩ ነበር።»

እናታችን ከሁላችን ቀድማ መብላት ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እሱ የድሮው ንባብ ይመለስ አለ። እኔ ያን ብናደርግ ደግሞ ወተቶቹ ጋ ይፈነዳል አልኩ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የተስማማነው ከሁለቱም በሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተገናኙና ጸሐፊው የትኛው ከየትኛው እንደሚጣመር በቅንፍ ካላሳየ፣ ተርጓሚው አልተረጉምም ብሎ ይመልሰው። አራት ዓመት ሙሉ የኮራንበት ነገር ቋንቋችን ሠራተኛውን የማያስቸግር መሆኑ ነበር። ለካ ቋንቋው ሳይገባው የገባው እየመሰለ ሲገምት ኖሯል።

ሰኞ ሁለታችንም ጣቢያው ሄድን። ኃላፊዋ እስክንጨርስ አላቋረጠችንም።

«ከሁለታችሁ ጥፋተኛው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ወንድሜም እኩል «እኔ» አለ። ኃላፊዋ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችንና ሁለታችንም በደብዳቤ እንድናስረዳ አዘዘች። ሁሉም ትእዛዝ እንደገና እስኪነበብ ድረስ ማሽኑ እንዲቆም፣ ክሎሪኑ በእጅ እንዲጨመር ወሰነች።

ጋሽ ጠርሙስን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ጠርጣራ መሆን ለዚህ ሥራ ደግ ነው» አሉ። «ግን ሰውን ከመጠርጠርሽ በፊት ከራስሽ የእጅ ሥራ ጀምሪ።»

ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ትእዛዞቹ አርባ አንድ ነበሩ። እኔና ወንድሜ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠን እያንዳንዱን ጮክ ብለን አነበብን፤ የጻፈው ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያ ተርጓሚው ምን እንደተረዳ አየን። ዘጠኙ እንደታሰቡት አልነበሩም፣ ከእነሱም ሁለቱ ከመጀመሪያው ስህተት ነበሩ። ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ውሃው ሽታ አልነበረውም።

ወንድሜ አሁን የትኛውንም ለውጥ በስልክ አይጠይቀኝም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ያነብልኛል፣ ከዚያ «የገባሽን መልሰሽ ንገሪኝ» ይላል። እነግረዋለሁ። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ፋይሉን ከፍቼ ያነበበልኝና የጻፈው አንድ መሆኑን አያለሁ። ይሄንን እንደማደርግ ያውቃል። እሱም የኔን እንደሚያይ አውቃለሁ።